የጥንቱን ባቡር ቅርስ እንዴት እንሰብስብ፣ እንዴትስ ለጎብኚ እናሳይ?

ስለ ባቡር ሙዚየም ሲወራ የሁሉም ዓይን የሚሄደው ወደ ሎኮሞቲቩ ነው። ይታጠብ፣ ይቀባ፣ መድረክ ላይ ይውጣ ይባላል። እኔ ግን ሎኮሞቲቩን ወደ ኋላ አቆዩት እላለሁ። ብረት ይታገሳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅ አየር የቆመ ፉርጎ ዛሬ ማንም ባይነካው ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው አለ። ያንን ፉርጎ ዕድሜ ልካቸውን ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት አዛውንት ግን ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ ላይገኙ ይችላሉ። በሣጥናቸው ያለውን ወረቀት ደግሞ ምስጥ አይምረውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ወረቀትና ፎቶ፣ ከዚያ ብረት፣ በመጨረሻ ጎብኚ ነው።

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባና ጅቡቲ አሮጌ መስመር ላይ ላደጋችሁ ነው፤ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በአቃቂ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ምድር ባቡር ይሠሩ ከነበረ፣ ኑሯችሁ ውጭ አገር ቢሆንም፣ ሥራው ይመለከታችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መስመሩን በልኩ እወቁ

የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። አንድ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለመገመት የሚያስችል ዕውቀት ግን ግድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራው ስላላስወጣ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነበር። ከነፃነት በኋላ የእንፋሎቱ ቦታ በናፍጣ ሎኮሞቲቮች ተያዘ። ባቡሩ አዲስ አበባ መግባት ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሰፊ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ዘመን ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት አለ። ዕቃው ላይ የኩባንያ ፊደላት ካሉ በፈረንሳይኛ ሴ ኤፍ ኧ ተብሎ የሚነበበው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ዘመን ነው። ሴ ዴ ኧ ከሆነ ደግሞ ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለቱ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ፈር አስይዙት። የኩባንያው መዝገቦች በፈረንሳይኛ፣ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አዛውንቶቹ የሚያወሩት በእኛው ነው። ማስታወሻ ላይ ዝም ብሎ «በ1950» ተብሎ ከተጻፈ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት ስሕተት የሚያድን የለም። ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ፤ ሰውዬው የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉና ቅያሬውን ጎኑ አስቀምጡ።

አንደኛ፦ ሰዎቹን ፈልጉ፣ ቅዱ

ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ የጣቢያ ኃላፊዎች፣ ሐዲድ ጠጋኞች፣ ቲኬት ቆራጮች፣ የወርክሾፑ ቶርኖ ሠራተኞች፤ ለሁሉም ዝርዝር አውጡ። የዕድር መዝገብና የጡረተኞች ስብሰባ ለዚህ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ይበልጣል። ከዝርዝሩ በዕድሜ የገፉትንና የታመሙትን አስቀድሙ፤ ትንሽ የሚከብድ ምርጫ ቢሆንም መደረግ አለበት።

በባቡሩ ላይ የኖሩት ደመወዝተኞቹ ብቻ አለመሆናቸውንም አትርሱ። በየጣቢያው ወተትና ፍራፍሬ ይዘው ባቡር የሚጠብቁ እናቶች፣ ተሸካሚዎች፣ ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ ይዘው የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ በአዋሽ የጣቢያ ሆቴል፣ በቡፌ ደ ላ ጋር፣ እንግዳ ያስተናገዱ ሁሉ ባለታሪክ ናቸው። ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ሴቶቹን የሚረሱት እዚህ ላይ ነው።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡናውንም ጠጡ። በመጀመሪያው ቀን ስልክ አውጥቶ መቅዳት አይገባም፤ ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይወቁ፣ ሥራው ምን እንደሆነ አስረዱ፣ ቀጠሮ ያዙ። በቀጠሮው ቀን፦

- ራዲዮና ቴሌቪዥን የሌለበት፣ ከመንገድ ራቅ ያለ ክፍል ምረጡ። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ነፋስና ዝናብ ቅጂውን ያበላሹታል።
- ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉት። ከተናጋሪው ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት።
- ስትጀምሩ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና የሥራ ድርሻ ተናገሩ። ወረቀቱ ቢጠፋ ቅጂው ራሱን ያስረዳል።
- ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ወይም በድምፅ ውሰዱ፦ ለማን ይሰማ? ስማቸው ይጠራ? የማይሰማ ክፍል አለ?

ጥያቄው ላይ ጊዜ ስጡ። «ጋሼ፣ ስለ ባቡር ሕይወትዎ ቢነግሩን» ካላችሁ የምታገኙት በበዓል ቀን የሚነገረውን ነው። «ከድሬዳዋ ሊነሡ ሲሉ መጀመሪያ የሚፈትሹት ምን ነበር?»፣ «ፍሬኑ መያዙን በምን ያውቁ ነበር፣ በድምፁ ነው?»፣ «ሌሊት አፍደም ጣቢያ ላይ ቢበላሽ ለማን ነበር የሚነገረው፣ በምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ መፍቻ፣ አንድ የቆየ ፋኖስ፣ አንድ ፎቶ። ዕቃው እጃቸው ሲገባ ያልጠየቃችሁት ይመጣል። በእጃቸው ማሳየት ሲጀምሩ ደግሞ ድምፁን ትታችሁ ቪዲዮ ክፈቱ፤ የእጅ ዕውቀት በቃል አይያዝም።

ይህ ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ኤርትራን ማየት ይበቃል። ከአስመራ ምጽዋ የሚወርደው ጠባብ ሐዲድ በጦርነቱ ከፈራረሰ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና መዘርጋት ሲጀመር ወደ ሥራ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። አሮጌዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ዳግም ያጨሱት እነዚያ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩና እጃቸው ስላልረሳ ነው።

ሁለት ርዕሶች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንዱ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ ድልድይ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው። 428 ሰው አልቆበታል፤ ዘመዱን ያጣ፣ ሬሳ ያነሣ፣ ተርፎ የወጣ ዛሬም አለ። እናንተ አታንሡት፤ ራሳቸው ካነሡት አታቋርጡ፣ ዝርዝር ለማውጣትም አትጎትቱ። ሌላው ኮንትሮባንድ ነው። የመስመሩ እውነተኛ ታሪክ ክፍል ስለሆነ መቀዳት አለበት፤ ነገር ግን ተናጋሪው ያልፈቀዱት ስምና ክፍል ለሕዝብ እንዳይወጣ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለተኛ፦ ወረቀትና ፎቶ

ከዚህ መስመር ሐዲድ ሥር የብረት አግዳሚ የተነጠፈው ምስጥና ሙቀት እንጨቱን ስለማይምሩት ነው። መሐንዲሶቹ የፈሩት ምስጥ ዛሬም አለ፤ መሬት ላይ ያለ ካርቶን ለእሱ ድግስ ነው። ስለዚህ መዝገቦቹን ከማንበባችሁ በፊት ከመሬት አንሡ። የብረት መደርደሪያ ላይ፣ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳውም ጥቂት ርቀው ይቀመጡ።

ነፍሳት የገባበት መዝገብ ከመጣላችሁ መድኃኒት አትርጩበት። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩና በጥልቅ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡ ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ቀን ሙሉ እንደታሰረ ይቆይ፣ አለበለዚያ ላቡ ወረቀቱን ያረጥበዋል። ይህ ለወረቀት ብቻ ነው፤ ፎቶንና የፎቶ መስታወትን አታቀዝቅዙ።

የሰዎች ደግነት ወረቀትን የሚያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። የአባቱን የሥራ መታወቂያ ላሚኔት አስደርጎ የሚያመጣ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት አይቻልም። የተቀደደን በስኮች ማያያዝ፣ በስቴፕለር መምታት፣ ፎቶ ጀርባ ላይ በስክሪብቶ መጻፍም እንደዚያው ነው። በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ፎቶውን በጠርዙ ያዙ።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶ 600 ነጥብ በኢንች ጥሩ ልክ ነው። ስካነር ከሌለ ጥላ በማይጥል የቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ፤ ጀርባውንም ጭምር፣ ምክንያቱም ስምና ቀን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጀርባው ላይ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ምን እንዳደረገ የምታውቅ ከተማ ስለሆነች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ቤተሰቡ ዋናውን መስጠት ካልፈለገ አትጫኑ። ቅጂውን ውሰዱ፣ ዋናውን ጥሩ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ መልሱ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳዩ። ውጭ አገር ያላችሁም የአባታችሁን ፎቶ በዚህ ጥራት አንሥታችሁ፣ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጽፋችሁ ብትልኩ ትልቅ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፦ ቁጥር ስጡ፣ መዝግቡ

እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ይኑረው፤ ለምሳሌ 2017/014፣ ማለትም በ2017 ዓ.ም. የገባ 14ኛ ዕቃ። በካርዱ ላይ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደመጣ፣ በስጦታ ነው በውሰት፣ መጠኑ፣ ያለበት ሁኔታ፣ የት እንደነበረ ይጻፍ። ቦታን በኪሎ ሜትር መጻፍ ልመዱ፤ መስመሩ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ስለሆነ ድሬዳዋ 310 ገደማ ላይ ትገኛለች። በጣቢያዎች መካከል የተገኘን ነገር «በረሃ ውስጥ» ከማለት ይሻላል።

ሕጉንም አንብቡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መመዝገብና መጠበቅ ግዴታ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የምድር ባቡር ድርጅቱ ንብረት የሆነን ዕቃ ያለ ርክክብ ደብዳቤ አትቀበሉ። መዳብና ነሐስ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁ፤ ዛሬ ከገዛችሁት ነገ ሌላውን ነቅሎ ያመጣል። በሌላ በኩል ከአካባቢያችሁ ቁራሌዎችና የብረት ነጋዴዎች ጋር ተግባቡ። የባቡር ነገር ወደ ማቅለጫ ሊሄድ ሲል ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

አራተኛ፦ ብረቱ

አሁን ወደ ብረቱ መሄድ ይቻላል፤ በመጀመሪያ ግን ለማንበብ። ሎኮሞቲቮች ላይ የሠሪውን ስም፣ የተሠሩበትን ቁጥርና ዓመት የያዘ ሰሌዳ ይለጠፋል። ሐዲዱም ይናገራል። በሐዲዱ ጎን፣ በቀጭኑ ወገቡ ላይ፣ ብረቱ ሲዳመጥ አብሮ የወጣ ከፍ ያለ ጽሑፍ ይፈልጉ፤ የፋብሪካ ስም፣ ዓመት፣ አንዳንዴም የክብደት ልክ ይገኛል። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ ስስ ነጭ ወረቀት ለጥፉበት፣ በከሰል ወይም በለስላሳ እርሳስ አግድም አድርጋችሁ አሹት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ይወጣሉ። ወረቀቱ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ከልጆች ጋር ለመሥራትም ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ማጽዳትን በተመለከተ እምነቴ አጭር ነው፦ ዕቃው አዲስ እንዲመስል አይደለም የምንሠራው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ሎሚና አመድ፣ አሲድ፣ ነሐስን ደግሞ በብራሶ እየደጋገሙ ማብረቅረቅ ጽሑፍና የእጅ አሻራ ይበላል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ግራሱን በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ አንሡ፤ ይህም ደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን። የሚንኮታኮተውን ዝገት ብቻ አራግፉና ቀለም የሌለው ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ፉርጎን የግድ መቀባት ካስፈለገ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ የጥንቱን ቀለም እንደያዘ ተዉት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እውነተኛው ቀለም ምን እንደነበረ እዚያ ያያል።

ለፉርጎና ለሊቶሪና (የራሷ ሞተር ላላት የመንገደኛ ባቡር) ዋናው ጠላት ጣራው ላይ የሚተኛ ውኃ ነው። መጀመሪያ ጣራውን ድፈኑ፣ የውኃ መውረጃውን ክፈቱ፣ በዙሪያው ያለውን ሣር አንሡ። በፕላስቲክ ሸራ ጥብቅ አድርጎ መሸፈን ውስጡን ያልባል፤ አየር የሚያስገባ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላል።

በሁለት ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። የእንፋሎት ቦይለር፣ ምንም ደህና ቢመስል፣ በባለሙያ ተመርምሮ ካልተፈቀደ በስተቀር እሳት አይነድበትም። በድሮ ቦይለር ዙሪያ የተጠቀለለው ነጭ ወይም ግራጫ ጭረታማ ነገርና አንዳንድ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊሆኑ ይችላሉ። አትንኩ፣ አትጥረጉ፣ አትስበሩ፤ አጥራችሁ ባለሙያ ጥሩ። የአፍ ጨርቅ ከዚህ አቧራ አያድንም።

አምስተኛ፦ ጎብኚው

ጎማዎቹ ሁሉ ግራና ቀኝ ታኮ ይግባላቸው። ሰው የሚወጣበት ደረጃ መያዣ ይኑረው። የማይወጣበት በር ይቆለፍ፣ የቅባት ጉድጓዶች ይከደኑ። ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታውን ብረት የነካ ልጅ እጁ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ጉብኝቱ ጠዋትና ወደ ማታ ይሁን።

ማስጎብኘቱን ራሳቸው የሠሩበት ሰዎች ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ክፍያቸውም የሚገባ ይሁን። ከአዛውንቱ ጎን አንድ ወጣት መድቡ፤ ወጣቱ ቋንቋውንና ሰዓቱን ይይዛል፣ ታሪኩንም ይማራል። በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል አስጎብኚ ሊጠፋ አይገባም፤ መስመሩን የሠሩትና የኖሩበት የእነዚህ ሁሉ ቋንቋ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይኛ ያልረሱ አዛውንቶችም ዛሬ ያገለግላሉ።

ጽሑፉን አታብዙ። አንድ ዕቃ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ። ለብረት አግዳሚው ለምሳሌ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፍ የብረት አግዳሚ። ምስጥና ሙቀት እንጨትን ስለሚበሉ በዚህ መስመር ብረት ተመረጠ። ባንድ ጫፉ ሞክራችሁ አንሡት።»

የናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ከእኛው ጋር እኩል የአንድ ሜትር ስፋት ያለውን መስመር ታሪክ የያዘ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እዚያ ብዙ ትልልቅ ሎኮሞቲቮች አሉ፤ ጎብኚ የሚሰበሰበው ግን አንድ ተራ በሚመስል የመንገደኛ ፉርጎ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የፖሊስ ሹሙ ቻርልስ ራያል ኪማ ጣቢያ ላይ አንበሳ ሊገድል አድፍጦ ተቀምጦ እንቅልፍ ሲወስደው አንበሳው ገብቶ የወሰደው ከዚያ ፉርጎ ነው። የእኛም መስመር እንዲህ ያለ ነገር አይጎድለውም። ስለዚህ ሁሉንም ዕቃ ከማስቆጠር ይልቅ አምስት ወይም ስድስት መቆሚያ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ የተቀዳ ድምፅ ይኑር። ከ40 ደቂቃ በላይ በሙቀት አታቁሙ።

ለተማሪዎች አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በትር ስጧቸው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሲያስገቡት ልክ ይገጥማል። ከዚያ የአዲሱ መስመር ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል እንደሆነ ንገሯቸውና መሬት ላይ በኖራ ያስምሩ። አዲሱ ባቡር ለምን በአሮጌው ሐዲድ እንደማይሄድ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

መውጫው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይኑር፤ በላዩ ላይ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ያሉባቸው ፎቶዎች ቅጂ፣ ቁጥራቸው በጉልህ ተጽፎ፣ ደብተርና እርሳስ። «ይህ እኮ አጎቴ ነው» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ስሙን፣ የነጋሪውን ስልክና ዝምድናውን እዚያው አስጽፉት። በዚያኑ ቀን ከመዘጋቱ በፊት ካርዱ ላይ ይግባ፤ ሌላ ሰው እስኪያረጋግጠው ድረስም ጎኑ ላይ «በአንድ ሰው የተነገረ» ተብሎ ይቆይ።